የጋሼን ክንድ የያዝኩበት ክረምት

ሰኞ 3

ዝናቡ ገባ። የዕቃ ማጠቢያው ክፍል መስኮት ዘንድሮም አልገጥም ብሏል፤ ጨርቅ ጠቅጥቄበት ዋልኩ።

ጋሼ ከሰዓት በኋላ ብቅ አሉ። ክሊኒኩን ለወጣቷ ዶክተር አስረክበው ከወጡ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ቢሆንም ሰኞ ሰኞ መምጣታቸውን አልተዉም። ሻይ ቀዳሁላቸው። ብርጭቆውን የሞላሁት እስከ ግማሽ ነው። ከዚያ ካለፈ ይፈሳል። ለምን ግማሽ ሆነ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም ምክንያት አልሰጠሁም።

"ለቅዳሜ ዝግጁ ነሽ፣ መብራት?" አሉኝ።

"ዝግጁ ነኝ።"

መብራት ስሜ አይደለም። ከክሊኒክ ውጭ በነፃ ስናክም ባትሪ ይዤ በሽተኛው አፍ ውስጥ የማበራው እኔ ነኝ። ጋሼ "መብራት! ወደዚህ! ከፍ!" ሲሉ ሲሉ ስም ሆኖ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። በእናት አባቴ ስም የምትጠራኝ ታናሽ እህቴ ብቻ ናት፤ እሷም ካልተናደደች "እትዬ" ነው የምትለኝ።

ሐሙስ 6

ማኅበሩ ማምሻውን እኛ ክሊኒክ ተሰበሰበ። የከተማው የጥርስ ሐኪሞች ሰባት ናቸው። ጥርስ ሠሪው ስምንተኛ ነው። እኔ ሻይ አቅራቢ ነኝ።

ደግ ሰዎች ናቸው። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ኋላ እንዳልረሳው። ወጣቷ ዶክተር የወለደች ጊዜ በሽተኞቿን ለአራት ወር ተከፋፍለው አክመውላታል፤ ስትመለስ አንድም ሰው አላስቀሩባትም። የጥርስ ሠሪው እጅ በፈላ ሰም የተቃጠለ ጊዜ ሐኪሞቹ ተራ ገብተው ማታ ማታ ጥርስ ሲሞርዱለት ነበር፤ አንዱ የሞረደው ጠማማ ሆኖ እስከ ዛሬ ይስቁበታል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ክሊኒካቸውን ዘግተው ወደ አረጋውያን ቤት ይሄዳሉ። ባልደረባ ሲወድቅ ቆሞ የሚያይ የለም።

አምናም እንዲሁ ነው የሆነው። የጋሼ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማንም "እጅዎ" አላለም። "ዶክተር፣ ደክመዋል። ክሊኒኩን ለእኛ ይተዉልንና የበጎ አድራጎቱን ሥራ ይምሩልን" ነው የተባሉት። ተጨበጨበ። ጋሼ እንባቸው መጣ። እኔም ያን ዕለት ትልቅ ነገር የሠራን መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ብርጭቆ ስሰበስብ ከሐኪሞቹ ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ያወራሉ።

"ለከፋይ በሽተኛ አይሆኑም። እዚያ ግን ማን ይከሳቸዋል?"

"ተው እንጂ፣ ይሰማሉ።"

"መብራት አብራቸው አይደለች? ክንዳቸውን ትይዛለች።"

ብርጭቆዎቹን አንኳኳሁ። ዝም አሉ።

አዎ፣ እይዛለሁ። ባትሪው በግራ እጄ፣ የጋሼ ክርን በቀኝ መዳፌ ላይ፣ ከታች። በሽተኛው ከልብሴ በቀር አያይም። እንደዚያ ሲሆን እጃቸው ይረጋል። ሁለታችንም በዚህ ጉዳይ አንድ ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ቅዳሜ 8

አረጋውያን ቤት። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ወንበር ተዘረጋ፤ አንዱ የወጣቷ ዶክተር፣ አንዱ የጋሼ። የጋሼ ሰልፍ ሁልጊዜ ይረዝማል። አንደበታቸው ይጣፍጣል፤ በሽተኛ ሳያክሙ ግማሹን ያድኑታል።

ዛሬ ስልከኛዋ እማማ መጡ። ድሮ ስልክ በሰው እጅ ሲገናኝ መስመር አገናኝ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት። ከታች የፊት ጥርሶቻቸው ወልቀው አልቀዋል፤ ሲናገሩ ቃሉ በድዳቸው በኩል ያመልጣቸዋል። ልጃቸው ሩቅ አገር ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ይደውላል። "እማዬ አይሰማኝም፣ እማዬ ምን አልሽ" ይልና ይዘጋል። "የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሳገናኝ ኖሬ፣ ከገዛ ልጄ ጋር መገናኘት ያቅተኝ?" ይላሉ።

ጥርስ ሠሪው በነፃ ሊሠራላቸው ቃል ገብቷል። የጀሶ ቅርጹን ይዞ አሳየን። ሁለቱ ክራንቻዎች ጤነኛ ናቸው፤ ሰው ሠራሹ ጥርስ በሽቦ የሚንጠለጠለው እነሱ ላይ ነው። "እነዚህ ሁለቱ የቤቱ ምሰሶ ናቸው" አለ። ከግራው ክራንቻ ጎን ያለችው የነቀዘች ጥርስ ግን መነቀል አለባት። ለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲመጡ ተቀጠሩ።

"እማማ፣ ይሄን ካደረጉማ ሰውን ሁሉ ሊነክሱ ነው" አላቸው ጥርስ ሠሪው።

"ካንተ እጀምራለሁ" አሉት።

ማክሰኞ 11

እህቴ ልብስ ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ጋሼ አወራሁላት መሰለኝ። ቀና ሳትል "ያንቺ ዶክተር" አለች። የኔ አይደሉም አልኳት። "ታዲያ የማን ናቸው? ሚስታቸው ከሞተች ስንት ዓመቷ? እትዬ፣ የሰው አፍ ስታዪ ኖረሽ የራስሽን መክፈት አቃተሽ።"

ሾርባው ሲፈላ ተነስቼ አወረድኩት።

ሰኞ 17

ዛሬ ግማሽ ብርጭቆውም ከጋሼ እጅ ፈሰሰ።

ከዚያ ጀሶ ክፍል ገቡ። ሳልፍ በተከፈተው በር አየኋቸው። የጀሶ መንጋጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በጉጠት ጥርስ ለመያዝ ይለማመዳሉ። ጉጠቱ ጀሶው ላይ ያንቋቋል፤ እንደ በረዶ ጠጠር። ሁለት ጊዜ ሳቱት። ሦስተኛው ያዘ፤ ግን ሌላውን ነው የያዘው።

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላቸው። ሌላ ሰው እንዳያያቸው ብዬ ነው።

ቅዳሜ 22

ዛሬ መጻፍ አልችልም።

እሑድ 23

እንደሆነው ልጻፈው።

ስልከኛዋ በሰልፉ አምስተኛ ነበሩ። ጋሼ አደነዘዟቸው። መርፌው ሲገባ ክንዳቸውን ደህና አድርጌ ይዤ ነበር። ከዚያ ከሰልፉ መሃል አንድ አዛውንት አዞራቸውና ወደቁ። "ያዟቸው!" ተባለ፤ እኔ ነበርኩ ቅርብ። ሮጥኩ። ጋሼን "አንድ ጊዜ" ብያቸዋለሁ፤ ማለቴን አስታውሳለሁ። ሰውዬውን ደግፌ ግድግዳ አስደግፌ ስመለስ ነቅለውታል።

ለምን አልጠበቁኝም? ስንት ቢሆን ነው? ደቂቃ አይሞላም።

ጉጠቱ ጫፍ ላይ ያለውን አየሁት። ነጭ ነው። ሥሩ ረጅም፣ ሙሉ፣ ጤነኛ። ክራንቻው ነበር። የነቀዘችው ጥርስ እዚያው ቆማለች።

ጋሼም አዩት። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ምን እንድል ፈልገው እንደሆነ አላውቅም። ጥጥ አቀበልኳቸው። ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ጥጥ።

"እማማ፣ ሁለቱም ተበላሽተው ኖሯል" አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ማር ነው። "አንዱን ትተን ብንሄድ ኖሮ ይመረቅዝብዎት ነበር።" ከዚያ ክንዳቸውን ያዝኩና የነቀዘችውንም ነቀሉ። ያን ጊዜ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ስልከኛዋ ጥጡን እንደነከሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሲነሱም የጋሼን እጅ ይዘው ሳሙት።

ካርድ የምሞላው እኔ ነኝ። ጋሼ ዘወር ብለው "ሁለት ብለሽ ጻፊ" አሉኝ። "ሁለት፣ የነቀዙ" ብዬ ጻፍኩ።

"የነቀዙ" በይ አላሉኝም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት ከማደንዘዣ ካርቶን ውስጥ ከሚወጣ ወረቀትና ጀሶ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ነው። አንድ ቀን ጋሼ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቁጭ ብዬ ፊደል ስቆጥር አገኙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ካርድና እስክሪብቶ ሰጡኝ። "የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፤ ከዛሬ ጀምሮ ካርድ ያንቺ ሥራ ነው" አሉ። በዚያ ጽሑፍ ነው እንግዲህ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እንጃ።

ሐሙስ 27

ካርዱን ከመደርደሪያው ሁለት ጊዜ አወጣሁት። ሁለት ጊዜ መለስኩት። ላጥፋው? ላስተካክለው? ምን ብዬ?

ወጣቷ ዶክተር "ምን ጠፋብሽ?" አለችኝ።

"ምንም።"

ሰኞ 1

ጋሼ አልመጡም። ግማሽ ብርጭቆ ቀድቼ ጠበቅኳቸው። ቀዘቀዘ፤ ራሴ ጠጣሁት።

ረቡዕ 3

ዝናብ ቀኑን ሙሉ። ጥርስ ሠሪው እየዘፈነ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የስልከኛዋን ጥርስ ጨርሶ አበጃጅቶታል። "ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያማረ አልሠራሁም" አለኝ። የመጀመሪያውን የጀሶ ቅርጽ ይዞ ነው የሠራው፤ ከዚያ ወዲህ አፋቸውን አላየም።

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ነበር እኮ። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።

"እጅህ ይባረክ" አልኩት።

ቅዳሜ 6

ጥርሱ አልገባም።

ስልከኛዋ ፀጉራቸውን ተሠርተው ነው የመጡት። ጥርስ ሠሪው አፋቸው ውስጥ አስገባው፤ "እስቲ ይናገሩ" አላቸው። "ሃሎ፣ ማንን ላገናኝ?" አሉ፤ ልክ እንደ ድሮው ሥራቸው። አዳራሹ ሳቀ። "ላገናኝ" ላይ ሲደርሱ ጥርሱ ከአፋቸው ወጥቶ ጭናቸው ላይ ወደቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ "አየህ፣ ካንተ ልጀምር ስል እምቢ አለ" አሉት። እንደገና ሞከረ። እንደገና ወደቀ። ሦስተኛው ላይ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ጥርስ ሠሪው ጣቱን አስገብቶ ድዳቸውን ዳሰሰ። ፊቱ ተለወጠ። ካርዱን አየ። ከዚያ የጀሶ ቅርጹን ይዞ ዕቃ ወደማጥብበት ጥግ መጣ።

"ይሄ ሽቦ ምን ላይ ይንጠልጠል? ነፋስ ላይ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ካርዱ 'የነቀዙ' ይላል። ሰው ይዋሻል፤ ጀሶ አይዋሽም። ይቺ ጥርስ እንደ ብረት ነበረች።"

ጋሼ ከወንበራቸው ሆነው ያዩናል። ምን እንደምንነጋገር ያውቃሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንቺ ምን?"

"ካርዱ ላይ የሚነቀለውን ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቱን ማድረግ ሲገባኝ ክራንቻውን አደረግሁ። ዶክተር እሱን አይተው ነው የነቀሉት። 'የነቀዙ' ያልኩትም ለመደበቅ ነው።"

ትክ ብሎ አየኝ። "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ" አለ። "የእጅ ወለምታስ በምን ይታሻል፣ መብራት?"

"ሌላ መሥራት አይቻልም?"

"ባንድ ምሰሶ ቤት አይቆምም። ልሞክር እችላለሁ፤ አፋቸው ውስጥ ይዋኛል እንጂ አይቀመጥም።"

ስልከኛዋ ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። ዘጠኝ ተኩል ሆኖ ነበር። ልጃቸው የሚደውለው በአሥር ነው።

ሰኞ 8

ማኅበሩ ስለ እኔ ተሰበሰበ። በሩ አጠገብ ቆምኩ። ያልኩትን እንደገና አልኩ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲናገሩት ይቀላል።

ጋሼ ተነሱ። ጠረጴዛውን ተደግፈው ነው የቆሙት። "ሰው ናት፤ ትሳሳታለች" አሉ። "ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኔ ሳትለይ ሠርታለች። እኔ ይቅር ብያታለሁ፤ እናንተም ይቅር በሏት።"

አጨበጨቡ። ከቅዳሜው ሥራ ለጊዜው እንዳርፍ ተወሰነ፤ ከክሊኒኩ ግን አልተባረርኩም። ጥርስ ሠሪው ብቻ አላጨበጨበም፤ ጫማውን ነበር የሚያየው።

ለእህቴ ነገርኳት። መርፌውን አቆመች። "ይቅር አሉሽ? ለየትኛው ጥፋትሽ?"

ረስተውት ይሆናል አልኳት። ሰው ሲያረጅ ይረሳል። ምልክቱን እኔ እንዳደረግሁት እሳቸው ራሳቸው አምነውት ሊሆን ይችላል።

"እትዬ" አለች። ማሽኗን እንደገና አስነሳች።

ጋሼ ከስብሰባው ሲወጡ በአጠገቤ ነው ያለፉት። ቆም ይላሉ ብዬ ነበር። ዝናቡ ስለበረታ ይሆናል።

ሐሙስ 11

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ ተለጠፈ። ለሃያ ነው። አረጋውያን ቤት አይደለም፤ የወላጅ አልባ ልጆች ቤት ነው። ሁለት ወንበር፤ አንዱ የጋሼ። ባትሪ የምትይዘው የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ናት።

ወጣቷ ዶክተር ቢሮ ገባሁ። ተማሪ ሆና ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ስለማውቃት "አንቺ" ነው የምላት።

"ልጅቷ ክንድ መያዝ አታውቅም" አልኳት። ያልኩትን የሰማሁት ካልኩ በኋላ ነው።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "በሩን ዝጊው።"

ዘጋሁት።

"የእማማን ጥርስ ያስነቀለው ካርዱ እንዳልሆነ እናውቃለን፣ እትዬ መብራት።"

"ማን ማን?"

"ሁላችንም።"

"ሰኞ ዕለት ስታጨበጭቡም?"

"አንቺ 'እኔ ነኝ' ስትይ ሁላችንም ነው ያረፍነው። አፍሬያለሁ። ግን እውነቱ ይህ ነው።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እሷ ፊት ተቀምጬ አላውቅም።

"ንገሪያቸዋ" አልኳት። "በቃ በያቸው።"

"አንቺስ ለምን አልነገርሻቸውም?" ዓይኗ ቀላ። "መንቀል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን እኔ ስንቀጠቀጥ ከኋላዬ ቆመው ክንዴን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው። አሁን በየትኛው አፌ 'እጅዎ ይንቀጠቀጣል' ልበላቸው? ስድስቱንም ጠይቂያቸው፤ አንዱ የሳቸው ተማሪ፣ አንዱ የሳቸው ባለውለታ ነው። እያንዳንዱ ሌላው ይነግራቸዋል ብሎ ይጠብቃል።"

"ልጆች ናቸው እኮ።"

"የወተት ጥርስ ነው" አለች፤ ወደ መስኮቱ እያየች። "ቢሳሳቱም መልሶ ይበቅላል።"

"አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት የሆናቸው አሉ። እነሱ የወተት ጥርስ የላቸውም።"

"ለዚህ ነው አንቺ መመለስ ያለብሽ። ልጅቷን እሰርዛታለሁ። አንቺ ካለሽ እጃቸው ይረጋል።"

በጎ ሰው ናት። ልጇን ጡት እያጠባች ቅዳሜዋን ለድሃ የምትሰጥ ሰው ናት። "እሺ" ብያት ወጣሁ። ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ቆምኩ። ለካ ባትሪ ያዥ ብለው አይደለም ከሳቸው ጋር የመደቡኝ። እኔ ከሌለሁ እሳቸው ድሮ ያቆሙ ነበር። ይህን ሁሉ ወር የያዝኩት ክንዳቸውን አይደለም፤ ጉጠቱን ነው።

ቅዳሜ 13

ስልከኛዋን ልጠይቅ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ብርቱካን ይዤ ነበር፤ ለምን ብርቱካን እንደገዛሁ አላውቅም። በምን ይበሉታል?

አሥር ሰዓት ላይ ጮኸ። ያዙት። "ልጄ" አሉ፤ ከዚያ ብዙ ነገር አሉ። ከወዲያ ያለው ድምፅ እስከ እኔ ይሰማል፤ "እማዬ፣ አይገባኝም። እማዬ፣ ሌላ ሰው አጠገብሽ አለ? ሌላ ሰው ስጭኝ።"

ለእኔ ሰጡኝ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እደግማለሁ። "ደህና ነኝ ይላሉ።" "ሚስትህ ወለደች ወይ ይላሉ።" "ለሕፃኑ ልዘፍንለት እፈልግ ነበር ይላሉ።" "እሺ፣ ንገሪያት፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለና ዘጋው።

ቀፎውን መለስኩ። ስልከኛዋ ብርቱካኑን ያገላብጡ ነበር።

"ያ ጥርሴ ጤነኛ ነበር፣ አይደል?"

ቀስ ብለው ስለተናገሩ እያንዳንዱ ቃል ገባኝ።

"ሠላሳ ዓመት በመስመር ላይ የሰው ወሬ ሰምቻለሁ" አሉ። "ሰው ሲዋሽ አላውቅ ይሆናል፤ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ዝም ሲል ግን አውቃለሁ። ያን ዕለት ዝም ስትሉ ሰማኋችሁ።"

"ታዲያ እጃቸውን ለምን ሳሟቸው?"

"ምን ላድርግ? በነፃ ነው ያከሙኝ።"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ፈለግሁ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ነበር። ብርቱካኑን ጨምቄ በብርጭቆ ሰጥቻቸው ወጣሁ።

ሐሙስ 18

ዛሬ ጋሼ ቤት ድረስ ሄድኩ። ልነግራቸው ነበር። በሩን ከፈቱልኝ፤ ሸሚዛቸው ቁልፉ ተዛንፏል። "ግቢ፣ መብራት! ለልጆቹ ተረት አዘጋጅቻለሁ፤ መርፌ ሲያዩ ምን እንደምላቸው ስሚኝ" አሉ። ስለ አንበሳና ስለ ጥርስ ሐኪሙ ጦጣ ነው። እየሳቁ አወሩልኝ። እኔም ሳቅሁ።

ሳልነግራቸው ተመለስኩ። አንድ ሰው ነበርኩ የቀረሁት፤ እኔም ሌላ ሰው ይንገራቸው ማለት ጀመርኩ ማለት ነው።

ቅዳሜ 20

ማለዳ ሄድኩ፤ ከሁሉም ቀድሜ። ወንበሮቹ ተዘርግተዋል፤ ልጆቹ ከሞግዚቶቻቸው ጋር እየወጡ ይሰለፋሉ። እንደ ወትሮው የጋሼ ሰልፍ ረዘመ፤ ተረት አዋቂ ሽማግሌ እንዳለ ወሬው ደርሷቸዋል።

የሰልፉ መጨረሻ ላይ ሄጄ ጀመርኩ። ጎንበስ እያልኩ አንድ በአንድ፤ "እዚህ ዛሬ አይሠራም። ወደዚያኛው ሂዱ።" ለምን ሲሉኝ እንደገና ያንኑ አልኩ። ሞግዚቶቹ ነጭ ጋውኔን አይተው ታዘዙኝ። አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ግን አልሄድም አለ።

"እኔ እኒያ ሽማግሌ ጋ ነው የምፈልገው። ጥሩ ሰው ይመስላሉ።"

"ጥሩ ሰው ናቸው" አልኩት። "ወደዚያ ሂድ።"

ጋሼ ዕቃቸውን ደርድረው፣ ጓንታቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው።

"ሰው የለም?" አሉኝ።

"የለም።"

"ሕዝቡ ሁሉ ዳነ በይኛ" ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያኛውን ሰልፍ አዩት። አዳራሹን ዞሮ በሩ ወጥቶ ደረጃው ላይ ደርሷል። ሳቃቸው ቀስ እያለ ነው የጠፋው። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያው ቆየን፤ እሳቸው ጓንት አድርገው፣ እኔ የጠፋ ባትሪ ይዤ።

ወጣቷ ዶክተር በእረፍት መሃል መጣች፤ ላብ በላብ ሆናለች። "ምን እየሠራሽ ነው? ብቻዬን እንዴት ልጨርሰው?" አለችኝ። ከዚያ ጋሼን አየች፤ የባዶውን ወንበር ትራስ አስተካክላ ተመለሰች።

አልጨረሰችም። ሲመሽ አሥራ አንድ ልጆች ሳይታከሙ ቀሩ። አንዷ ጉንጯ አብጦ ዓይኗ ሊከደን ደርሷል፤ ወዲያ እንድትሄድ የነገርኳት ራሴ ነኝ፤ ከጋሼ ሰልፍ ሦስተኛ ነበረች። ሞግዚቷ አቅፋት በአጠገቤ ስታልፍ "ዛሬስ እንዴት ልታድርልኝ ነው?" አለችኝ። ሰኞ ማለዳ ክሊኒክ አምጫት አልኳት። እስከ ሰኞ ሁለት ሌሊት አለ። ጋሼ ቢነቅሉላት ኖሮ ምናልባት ልክ ይነቅሉ ነበር። ክንዳቸውን ይዤ ነበር እኮ የምቆመው። ምናልባት ልክ ይሆን ነበር። እስከ ሰኞ ይህንን ነው የማስበው።

አዳራሹ ሲለቀቅ ጋሼ ጓንታቸውን አወለቁ። አንዱ አልወጣ ብሎ ታገላቸው። አልረዳኋቸውም።

"ስንቱን መለስሽ?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"የሚቀጥለው ቅዳሜስ?"

"እመጣለሁ። እሱንም እመልሳለሁ።"

"ከዚያ በኋላ ያለውንስ?"

"እሱንም፣ ጋሼ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሒሳብ እንደገባው ሰው። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያልተነካውን ጉጠት፣ ያልተነካውን መስታወት አንድ በአንድ ወደ እኔ ገፉት፤ እንደ ማንኛውም ቀን እንዳጥብላቸው። ወሰድኩና አጠብኳቸው። ደም የነካው አንድም አልነበረም።

ስመለስ አሁንም እዚያው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፤ እያዩት ነው።

"እንግዲያው እኔ ምን ልሥራ?" አሉኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ምን እንደምሠራ የሚነግሩኝ እሳቸው ነበሩ። የምላቸውን ፈለግሁ። አዳራሹ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም፤ መብራቱንም ሊያጠፉት በር ላይ ይጠብቁናል።

"አላውቅም" አልኳቸው።